የዓመቱ መንኮራኩር፦ የዊካ እምነት ስምንቱ በዓላት

ዊካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ የተነሣ፣ ተፈጥሮን እንደ ቅዱስ የሚያይና አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እንስት አምላክንና አንድ ወንድ አምላክን የሚያመልክ ሃይማኖት ነው። ለሕዝብ ያስተዋወቀው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በማላያ (በዛሬዋ ማሌዥያ) የጉምሩክ ሹም የነበረው ጄራልድ ጋርድነር ሲሆን፣ ስለ እምነቱ በግልጽ መጻፍ የጀመረውም የ1735ቱ የጥንቆላ ሕግ በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተሻረ በኋላ ነበር።

ተከታዮቹ የዓመቱ መንኮራኩር በሚሉት ዑደት ውስጥ ስምንት በዓላት አሉ። አራቱ የፀሐይን ጉዞ ይከተላሉ፤ ዲሴምበር 21 ገደማ ሌሊቱ እጅግ ሲረዝም ዩል፣ ጁን 21 ገደማ ቀኑ እጅግ ሲረዝም ሊታ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ደግሞ በማርች ኦስታራ፣ በሴፕቴምበር ማቦን ይከበራሉ። ሌሎቹ አራቱ፣ ማለትም ኢምቦልክ፣ ቤልተን፣ ሉናሳና ሳዊን፣ መሠረታቸው የአየርላንድና የስኮትላንድ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች የቆዩ በዓላት ናቸው።

ስምንቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ትረካ ነው። ዝርዝሩ ከቡድን ቡድን ቢለያይም፣ በብዙዎቹ ዘንድ ወንዱ አምላክ በዩል ይወለዳል፤ ከፀሐይ ጋር እየጎለመሰ በቤልተን ከእንስት አምላኳ ጋር ይጣመራል፤ እህል ሲታጨድ ጉልበቱ ይደክምና በሳዊን ይሞታል፤ እርሷም ፀንሳ ስለቀረች በዩል መልሳ ትወልደዋለች። በዚያ አገር ክረምት ማለት ዝናብ ሳይሆን ብርድና ጨለማ መሆኑን ያላሰበ አንባቢ ግን የዩል ደስታ ከየት እንደሚመጣ አይገባውም።

ከሁሉም ከበድ የሚለው ኦክቶበር 31 ማታ የሚጀምረው ሳዊን ነው። ጥንት ከብቱ ከግጦሽ የሚመለስበት፣ ክረምቱን የማይዘልቀውም የሚታረድበት ወቅት ነበር፤ ዛሬ በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው መጋረጃ የሚሳሳበት ሌሊት ተደርጎ ይታያል። መሠዊያው ላይ የሟች ዘመዶች ፎቶግራፍ ይደረደራል። አንዳንዶች ለሟቹ ሳህንና ወንበር አዘጋጅተው፣ ምግቡንም አቅርበው፣ እራታቸውን ያለ አንዲት ቃል በዝምታ ይበላሉ።

ሜይ 1 የሚውለው ቤልተን ተቃራኒው ነው፤ ጥንት ከብት በሁለት እሳት መካከል ይነዳ እንደነበረ ሁሉ አሁን ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ትንሽ እሳት ይዘላሉ። በፌብሩዋሪ መባቻ ለኢምቦልክ ሻማ ይበራል፤ በኦገስት መባቻ ለሉናሳ ከአዲሱ እህል ዳቦ ይጋገራል።

ስምንቱን እንዳሉ ከጥንት የወረዱ አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው። በዓላቱ በአንድ ዑደት ተሟልተው በዊካ ዘንድ የተለመዱት በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ማቦን የሚለውን ስም ለበዓሉ የሰጠው አሜሪካዊው ኤዳን ኬሊ ነው፤ ዘመኑም 1970ዎቹ ነው።

ዑደቱ ከወቅቱ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያሉ ብዙ ተከታዮች በዓላቱን በስድስት ወር ያዛውሯቸዋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ለሙታን ማዕድ በሚዘረጋበት በኦክቶበር መጨረሻ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የቤልተን እሳት ይነዳል።