ቦሩ ሜዳ፦ ከደሴ የሚቀድመው የደሴ ሰፈር

ቦሩ ሜዳ ዛሬ የደሴ ከተማ አካል ነው። ከመሃል ከተማው በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሆስፒታል አለው፣ የብሎኬት ቤት በየጊዜው ይጨመርበታል። አዲስ የመጣ ሰው ከተማዋ ስትሰፋ የተፈጠረ ሰፈር ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደሴ ከተማ ከመሆኗ በፊት ቦሩ ሜዳ በአገሩ ሁሉ ስሙ ታውቆ ነበር።

ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከነገሥታቱ ይጀምራሉ። እኔ ከሣሩ ብጀምር ይሻለኛል። በወሎ ደጋ ሰፊ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። ደሴ ራሷ በጦሳ ተራራ ሥር የተሸጎጠች ከተማ ናት፤ ዳገትና ቁልቁለት መለያዋ ነው። እንዲህ ባለ አገር የተዘረጋ መሬት ትልቅ ሀብት ነው። ገበሬው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የሚዘራው ሁለት ዝናብ ጠብቆ ነው፤ በልግና ክረምት። በልጉ ከቀረ ቤቱ ይጎድላል። ያን ጊዜ የሚተርፈው ከብቱ ነው፣ ከብቱን ደግሞ የሚያቆየው ሜዳው ነው።

የድሮውን የደጋ ኑሮ ለማየት አንድ ኩበት ማንሳት ይበቃል። እናቶች እበቱን ከገለባ ጋር አቡክተው፣ ጠፍጥፈው፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ የአምስት ጣት ምልክት ላዩ ላይ ይቀራል። ከዛፍ የተራቆተ ደጋ ላይ እንጀራ የሚጋገረው በዚያ ነው። ከብት የሌለው ሰው ማገዶም የለውም ማለት ነው። ጭጋግ በዋለበት ክረምት ገሳ ለብሶ ከብት ሲጠብቅ የሚውለው እረኛ የቤቱን ወተትም እሳትም ነው የሚጠብቀው።

ማኅበራዊ ኑሮውም የወሎ ነው። ሥራ ሲበዛ ወንፈልና ደቦ አለ። ሰው ሲሞት ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። እስላምና ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ ይቀብራል። ጠብ ሲነሣ አበጋር የሚባለው የአገር ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃል።

የሜዳው ስፋት ነው በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ወደዚህ ያመጣው ብዬ አምናለሁ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከነሠራዊታቸው የሚሰፍሩበት፣ ፈረስና በቅሎ የሚግጥበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። በጉባኤው ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራከሩ። የተዋሕዶ ወገን ረታ፤ ክርስቶስ ከአብና ከማርያም ሌላ በመንፈስ ቅዱስም ተወልዷል የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ጉዳዩ በሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ለአካባቢው ገበሬ ሩቅ ወሬ በሆነ ነበር። ነገር ግን ለወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖት እንዲቀይሩ የ3 ዓመት ጊዜ ተቆረጠላቸው። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማ ግን እምቢ ብለው ተዋጉ። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ዘመን ተሰደደ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። አብሮ ሲያርስና አብሮ ሲቀብር የኖረ ሕዝብ ላይ ከላይ የወረደ መከራ ነበር። ያ ሁሉ ሲታወስ የሚኖረው ደግሞ በከብት ሜዳው ስም ሆነ።

ደሴ የተቆረቆረችው ከጉባኤው ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደሰቱና ስሙን ከደስታቸው አወጡት ይባላል። ራስ ሚካኤል መቀመጫቸው ሲያደርጓት ከተማዋ አደገች፤ የአይጠየፍ አዳራሽም በእሳቸው ዘመን ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ቦሩ ሜዳ የከተማዋ ደጅ ሆነ። የዙሪያው ገበሬ እህሉን፣ ቅቤውንና ማገዶውን ጭኖ ወደ ሰኞ ገበያ ይሄዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል።

ሆስፒታሉ የተጀመረው በሚሲዮናውያን ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕሙም ከሰው ተለይቶ ራቅ ብሎ እንዲኖር ይደረግ ነበር። ቦታው ለዚህ መመረጡ ብቻውን ምን ያህል ገጠር እንደነበረ ይነግረናል። ዛሬ በቆዳና በዓይን ሕክምናው ብዙ ሰው ከሩቅ እየመጣ ይታከምበታል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ ገባርና ባለ ርስት የሚባለው ነገር ቀረ፤ የገበሬ ማኅበር መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ የሌሎች ከተሞች ዳርቻ ካየው ብዙም አይለይም። መሬት ተሸነሸነ፣ ቆርቆሮ በዛ፣ ባጃጅ ገባ፣ ግጦሹ ጠበበ።

ነገር ግን ቋንቋው ገና አልተከተለም። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች መሃል ከተማው ፒያሳ ጉዳይ ሲኖራቸው ዛሬም «ደሴ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚሉት።