ውዳሴ ማርያም፦ ሰባት ቀን፣ ሰባት ምስጋና

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ጎራ በሉ። ግንቡን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ እናት አትጠፋም። እጇ ላይ ያለችው፣ ጠርዟ የተላላጠው የኪስ መጽሐፍ ውዳሴ ማርያም ናት። አሁን አሁን ከስልኩ ላይ የሚደግመውም በዝቷል።

ውዳሴ ማርያም ለእመቤታችን የሚቀርብ የግእዝ ምስጋና ነው። ለየቀኑ የራሱ ክፍል አለው። የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይጀምራል። ጌታ ያዘነውን፣ ልቡ የተከዘውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። ለሰኞ ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላውቅም። የሐሙሱ ደግሞ ሙሴ ያያትን፣ እየነደደች የማትቃጠለውን ዕፅ ያነሳል። በየመሃሉ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ይመላለሳል፤ ቅድስት ሆይ ለምኚልን። ግእዝ የማይሰማ ሰው እንኳ ይቺን አይስታትም።

ደራሲው፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም ነው። እመቤታችን ሰኞ ቀን ተገልጣ «ወድሰኒ» አለችው፤ አመስግነኝ። እሱ ደግሞ መጀመሪያ «ባርክኒ» አላት። ባረከችው፣ ጀመረ። 14 ሺህ ድርሰት ደርሷል ይባላል። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ የጸጋህን ማዕበል ግታልኝ» እስከማለት ደረሰ።

ኤፍሬም እ.ኤ.አ. በ306 ገደማ በንጽቢን ተወለደ። ኑሮው በዲቁና ነበር። በ363 ከተማዋ ለፋርስ ስትሰጥ ተሰዶ ኤዴሳ ገባ። መናፍቃን ትምህርታቸውን በዜማ ሲያሰራጩ እሱም በዜማ መለሰላቸው። ሴቶችን ሰብስቦ መዝሙር አስጠና። ኤዴሳ ስትራብም ከሀብታሞች እህል እያሰባሰበ ለድሆች አደለ። በ373 አረፈ። እኛ ዘንድ ሐምሌ 15 ይታሰባል።

የታሪክ ተመራማሪዎች ድርሰቱን ከግብጻውያን የማርያም ምስጋና ጋር ያዛምዱታል፤ ወደ ግእዝ የተመለሰውም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአቡነ ሰላማ መተርጉም ጊዜ ነው ይላሉ። የቆሎ ተማሪው ግን ለዚህ ክርክር ጊዜ የለውም። ገና በልጅነቱ በቃሉ ይይዘዋል።

ጧፍና ዕጣን ከሚሸጡት ዘንድ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት ይገኛል። የእኔንም የገዛሁት ከዚያው ነው። የሰኞው ገጽ በጣት ብዛት ጠቁሯል። የዓርቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና አዲስ ነው።