«ምነው፣ ቸገረህ እንዴ?» ስለ ምላጭ የሰለቹኝ ወሬዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ገላን በሚገኝ አንድ ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ፣ ብረት በሚቀረጽበት ማሽን፣ እሠራለሁ። እሁድ ረፋድ ሰው ኳስ ይጫወታል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ይተኛል። እኔ ፂሜን እላጫለሁ። ሳሙናውን በብሩሽ እስኪያረፋ እመታለሁ። አናቱ ተፈትቶ ባለሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበትን የብረት መላጫ አነሳለሁ። ሳልቸኩል እጨርሳለሁ። አባቶቻችን አሳምረው የሚያውቁት ነገር ነው፤ አዲስ አልፈጠርኩም።

ማንንም አልጎዳሁም። ግን ከእናቴ እስከ ሥራ ባልደረቦቼ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ሰዉ ይቀያየራል፣ አስተያየቱ ግን ያው ነው። እንግዲህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው?» አይደለም። ቀጥሎ።

«ይሄ የሴት ነገር ነው።» ፂም ስለ መላጨት ነው የምናወራው። ቀጥሎ።

«ምነው፣ ቸገረህ እንዴ? ዘመናዊውን እንላክልህ»

ይህ የባለቤቴ ወንድም ነው። አሜሪካ ይኖራል፣ ደግ ሰው ነው። ባለፈው ሲመጣ ባለ አምስት ምላጭ መላጫ ይዞልኝ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ የኔን ብረት ሲያይ ደግሞ አዘነ። ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርቶ «ኑሮ ከብዷችኋል?» ብሎ ጠየቃት። እሷ እስካሁን ስታስታውሰው ትስቃለች።

ሰው የምላጭ ቁጥር በጨመረ መጠን መላጫው የተሻለ ይመስለዋል። ሁለት ምላጭ የተደረደረበት መላጫ በ1971 መጣ። ባለ ሦስቱ በ1998፣ ባለ አምስቱ በ2006። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከታች ያሉትም እንደዚያው።) የሰው ፂም ግን በነዚህ ዓመታት አልተለወጠም። የተለወጠው ንግዱ ነው። ባለሁለት አፉ ምላጭ ቅርጹ የትም አንድ ነው፤ የፈለገ ፋብሪካ ይሠራዋል፣ የፈለጋችሁት መላጫ ውስጥ ይገባል። የአዲሱ ጭንቅላት ግን የሚገጥመው ከራሱ እጀታ ጋር ብቻ ነው። አንዴ እጀታውን ከያዛችሁ ለምላጩ የጠየቋችሁን ትከፍላላችሁ። እሱም ሱቅ ውስጥ ሲገኝ ነው። የኔን ምላጭ ግን እዚህ ብሎካችን ሥር ያለው ሱቅ፣ ክብሪት አጠገብ፣ በፍሬ ይሸጠዋል።

«ጉሮሮህን ትቆርጣለህ»

እናቴ። እናቴ ጥፍሯን የምትቆርጠው በባዶ ምላጭ ነው። እጀታ የለው፣ መከላከያ የለው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ፣ ከጎረቤት ጋር እያወራች፣ ሳታይ ትከረክመዋለች። እኛም እርሳሳችንን የቀረጽነው በዚያው ነው። ልብስ ሰፊውም ስፌት የሚተረትረው በዚያው ነው። ያ ምላጭ ሁለት የብረት ክዳን መሃል ገብቶ፣ ከሥሩ መከላከያ ተደርጎለት፣ ጫፉ ብቻ ብቅ ሲል ግን አስፈሪ ይሆናል!

ሰዎች ይህን የሚያምታቱት ታጥፎ ከሚከፈተው ረጅም ምላጭ ጋር ነው። ያኛው በርግጥ እጅ ይፈልጋል። ይኼኛው የተሠራው ግን ሰው ፀጉር አስተካካይ ሳያስፈልገው ቤቱ እንዲላጭ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባለው አሜሪካዊ መሸጥ ሲጀምር፣ በ1903፣ ገበያው ያነሳለት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ፓተንቱን በ1904 አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ አደለው። ወጣት ወታደር ምሽግ ውስጥ ሆኖ የተላጨበትን ዕቃ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ልፈራው ነው? መላጫውን ወደ ጎን ካንሸራተታችሁት ይቆርጣል። ወደ ጎን አታንሸራትቱት።

እናቴ ትክክል የሆነችበት አንድ ነገር አለ። ስለ ኤች አይ ቪ በሬዲዮ ሲነገር የሰማችው «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» ልቧ ውስጥ ቀርቷል። በዚህ ማንም እንዳይከራከራት። ግን አደጋው መጋራቱ ነው፣ ምላጩ አይደለም። እንዲያውም ሰው የሚረሳው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወንድማማቾችም ቢሆኑ አንድ ምላጭ አይጋሩም። ፀጉር ቤት ስትቀመጡም ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። ማፈር አያስፈልግም። ጎበዝ ባለሙያ ሳትጠይቁት ያሳያችኋል።

«እኔ ምላጭ አይስማማኝም፣ አለርጂክ ነኝ»

ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ከአሥር ሐበሻ ወንድ ጋር ስለ ፂም አውሩ፣ ግማሹ ይህን ይላል። አንገቱን ቀና አድርጎ ያሳያል። ጥቁር ነጠብጣብ፣ እብጠት፣ አንዳንዱም መግል የቋጠረ። ከዚያ «በናትህ አንተ ምን ትቀባለህ?» ይላል። ምንም አልቀባም።

አለርጂ አይደለም። ስሙ ረጅም ነው፣ ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይትስ ባርቤ ይሉታል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የብዙዎቻችን ፂም ጥቅልል ነው። በጣም ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀራል። ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ይታጠፋል። ወይ ሳይወጣ ከውስጥ ቆዳውን ይወጋል፣ ወይ ከወጣ በኋላ ዞሮ ይገባል። ሰውነት የራሱን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል። እብጠቱ ያ ነው።

አሁን ወደ ባለ አምስቱ ምላጭ እንመለስ። የመጀመሪያው ፀጉሩን ይስበዋል። ፀጉሩ ተመልሶ ሳይገባ ቀጣዩ ይደርስና ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ከቆዳው በታች ይገባል። ማስታወቂያው የሚኮራበት ልስላሴ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለቀጥ ያለ ፀጉር ደግ ነገር ነው። ለኛ ግን ሽፍታውን ገዝተን መግባታችን ነው።

ወርክሾፕ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ሰርጉ ሲቃረብ በየቀኑ ይላጭ ጀመር። በባለ ብዙ ምላጩ፣ በውሃ ብቻ፣ ቆዳውን በግራ እጁ ወጥሮ፣ ከታች ወደ ላይ። ከሚሠሩት ስህተቶች አንድም አላስቀረም። የሰርጉ ዕለት ሸሚዙ ላይ ደም ነበር። ክራባቱ ሸፈነው እንጂ። ከሰርጉ በኋላ መጥቶ «አለርጂክ ነኝ» ሲለኝ ቶርኖውን አጥፍቼ ነው ያስረዳሁት።

መጀመሪያ አንድ ወር ያህል አትላጭ አልኩት። የገባው ፀጉር አድጎ እንዲወጣ ነው። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ ሙሽራ ፂሙን አሳድጎ ሲታይ የሰፈሩ ሰው «ማን ሞተበት?» እያለ ሚስቱን ያስጨንቅ ጀመር። ታገሠ። ከዚያ በአንድ ምላጭ አስጀመርኩት። አሁን አንገቱ ላይ የቀረችው ጥቂት ነች።

ያስተማርኩትን ለናንተም ልንገር። ፀጉሩ መጀመሪያ ይራስ። ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ፣ ወይም ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዛችሁ። ውሃ የጠጣ ፀጉር በትንሽ ጉልበት ይቆረጣል፤ በደረቁ መላጨት ቆዳን መፋቅ ነው። ሳሙናውን በብሩሽ በክብ እሹት፣ የተኛውን ፀጉር ያስነሳዋል።

ከዚያ ፂማችሁ ወዴት እንደሚያድግ በጣታችሁ ፈልጉ። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው። አንገት ላይ ግን ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጋ ወደ ላይ ይዞራል፣ ግራና ቀኙም አይመሳሰልም። ብዙ ሰው የራሱን አንገት አያውቀውም። ሻካራ የሚልበት በኩል ተቃራኒው ነው። ፀጉሩ በሚተኛበት በኩል ላጩ።

አያያዙ። የመላጫውን አናት ጉንጫችሁ ላይ አስተኙት፣ ከዚያ ምላጩ ቆዳውን እስኪነካ እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉ። ሠላሳ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። እዚህ ላይ የሙያዬ ትዕግሥት ማጣት ይምጣ፤ አትጫኑ! ቶርኖ ላይ መቁረጫው አንግሉን ከሳተ ብረቱን ይፍቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ያን ጊዜ ጀማሪ ምን ያደርጋል? ይጫናል። ሥራው ይበላሻል። ፊት ላይም ያው ነው። የብረቱ ክብደት ይበቃል፣ የናንተ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ቆዳውን አትወጥሩ። አጭር አጭር ሂዱ።

አንድ ዙር ይበቃል። ካልረካችሁ እንደገና ሳሙና ቀብታችሁ ሁለተኛ። ከሰዓት በኋላ እጅ ሲዳስሰው ትንሽ ሻከር ቢል ምን አለበት? የሚዳስሳችሁ ሰው ካለ ቀድሞውኑ ወዳችኋል። የገባ ፀጉር ካያችሁ በወረንጦ አትንቀሉት፤ ሲመለስ እዚያው ይገባል።

ምላጭ ለሁሉም ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ቁስሉ ኬሎይድ (ወፍራም ጠባሳ) እየሆነ የሚያብጥበት ጓደኛ አለኝ። እሱን ራሴ ነኝ መላጫውን ያስጣልኩት። ፀጉሩን በቶንዶስ ትንሽ አስቀርቶ ይከረክማል፣ አምሮበታል። መግል የሚቋጥርባችሁ ከሆነም የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። የሰፈር ቅባት አትሞክሩ።

«ሲላጩት ይወፍራል»

አይወፍርም። ሚልድሬድ ትሮተር የምትባል የአናቶሚ ተመራማሪ በ1928 የተላጨ ፂም ለክታ ለውጥ አላገኘችም። ሥሩ ያለው ከቆዳ ውስጥ ነው፣ ምላጩ አይደርስበትም። የሚሻክረው ቀጥኖ የሚያልቀው የፀጉሩ ጫፍ ስለተቆረጠ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ነግሬውም በድብቅ ከንፈሩን ይላጫል፣ ፂም እንዲያበቅልለት። ይላጭ። በዕድሜው ይመጣለታል፣ ምስጋናውን ግን ምላጩ ይወስዳል።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር?»

አንድ ጣሳ። እሱም ከፔርሙስ የተቀነሰ ነው። ባለቤቴ የምትቆጣው ስለ ውሃው ሳይሆን ሻይዋ ሳሙና ሳሙና ስለሚል ነው። የፔርሙሱን ክዳን በአረፋ እጅ እንዳልነካ ተስማምተናል።

«ካቃጠለ ሠራ ማለት ነው»

አልኮል ሲያቃጥል ቆዳችሁ ተፍቋል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ሎሚ የምትቀቡ ደግሞ ተዉ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐያችንን ታውቋታላችሁ።

«ምላጭ ተስሎ ይሠራል»

ታች ፎቅ ያሉ ጋሼ ናቸው። ብርጭቆ ውስጥ አሽተው እንደሚስሉት ይነግሩኛል። ጋሼ፣ በክብር እሰማዎታለሁ፣ ግን ብረት ሥራዬ ነው። በ2020 ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ እንዳዩት፣ ፀጉር ከምላጩ ብረት 50 እጥፍ የለሰለሰ ሆኖ ሳለ የምላጩን ጫፍ ይሸርፈዋል። የተሸረፈ ጫፍ በብርጭቆ አይመለስም። መሳብ ሲጀምር ቀይሩት፣ ከማኪያቶ ይረክሳል።

«ብር ማባከን ነው»

መላጨቱ ርካሽ ነው። ብሩሽ መሰብሰቡ አይደለም። ስለ ሁለተኛው ባለቤቴን ጠይቋት፣ እኔ አስተያየት የለኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ የሚለኝን ግን ማንም አይጠይቅም፤ ያለቀውን ምላጭ የት ነው የምትጥለው? ሰው በወረቀት ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆቹ ያንን ፌስታል በእጃቸው ነው የሚጨምቁት። ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እጠቡ። ክዳኑን በፕላስተር ግጠሙት፣ ምላጭ የሚያሾልክ ቀዳዳ ብቻ ተዉ። እየጨረሳችሁ ጨምሩበት። ሲሞላ ቀዳዳውን አሽጉና ላዩ ላይ በትልቁ «ምላጭ» ብላችሁ ጻፉበት። ልጆቹ ሲመጡ ከቆሻሻው ለይታችሁ በእጃቸው ስጧቸው።