በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚገኙ ፕላኔቶችን የሚያጠና ተመራማሪ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ሰው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚገኙ ፕላኔቶችን በቴሌስኮፕ አጉልቶ የሚያያቸው ይመስለዋል። እውነታው ግን፣ እስካሁን መኖራቸው ከተረጋገጠው 6,000 ያህል ፕላኔቶች መካከል በቀጥታ ምስላቸው የተወሰደው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ የታወቁት በኮከባቸው ላይ በሚያሳድሩት ተጽዕኖ ነው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን በጥቂቱ ትጋርዳለች፤ ስትዞረውም በስበቷ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዘዋለች፤ ይህም ውዝዋዜ በኮከቡ ብርሃን ኅብረ ቀለም ላይ ይነበባል። ፀሐይን ከሩቅ ሆኖ የሚለካ ሰው ቢኖር፣ ጁፒተር በፊቷ ስታልፍ ብርሃኗ በ1 ከመቶ ገደማ ሲቀንስ ያያል፤ መሬት ስታልፍ ግን ቅናሹ 0.008 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። መሬት ፀሐይን የምታወዛውዝበት ፍጥነትም በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የኮከብ ገጽ ደግሞ እንደሚፈላ ውሃ የሚናጥ ጋዝ ስለሆነ፣ የራሱ እንቅስቃሴ እንዲህ ያለውን ደካማ ምልክት በቀላሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የፕላኔት ተመራማሪ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን የሚያሳልፈው ኮከብን በማወቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሥራው በየሌሊቱ ከቴሌስኮፕ ሥር መቆም ነው የሚለውም አመለካከት ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ነው። የመመልከቻ ሰዓት የሚገኘው በውድድር በሚቀርብ የጥናት ሐሳብ ሲሆን፣ ጥያቄው ከሚሰጠው ሰዓት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቀኑ ሥራ በአብዛኛው ፕሮግራም መጻፍ፣ ስታቲስቲክስ መሥራትና ማመልከቻ ማዘጋጀት ነው።

አንዲት ፕላኔት «ለሕይወት አመቺ በሆነ ቀጠና» ተገኘች ሲባል ውሃ ወይም ሕይወት ተገኘ ማለት አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ከኮከቡ ስላላት ርቀትና ስለሚደርሳት ብርሃን ብቻ ነው፤ ጨረቃ ከፀሐይ ያላት ርቀት ከመሬት ጋር አንድ ያህል ሆኖ ሳለ ሕይወት አልባ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል።

በዚህ ሙያ ስህተቱን በአደባባይ ያመነ ሰው ስሙ ይጠፋል ብለው የሚሰጉ ወጣቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው አንድሩ ላይንና ባልደረቦቹ ፐልሳር በሚባል የሞተ ኮከብ ዙሪያ ፕላኔት ማግኘታቸውን አስታወቁ። በስሌታቸው ውስጥ የመሬት ምሕዋር ፍጹም ክብ አለመሆኑ በትክክል ስላልተካተተ፣ የገዛ ራሷ የመሬት እንቅስቃሴ የፕላኔት ምልክት መስሎ ታይቷቸው ነበር። ላይን ስህተቱን ራሱ ደረሰበት፤ በጥር 1992 አትላንታ ላይ በተካሄደ ትልቅ የሙያው ጉባኤም ቆሞ ተናገረ፤ ታዳሚውም በረጅም ጭብጨባ አከበረው። በዚያው ጉባኤ አሌክሳንደር ቮልሽቻን በሌላ ፐልሳር ዙሪያ ያሉ ፕላኔቶችን አቀረበ፤ የእሱ ግኝት እስከ ዛሬ ጸንቷል። ላይንም ከዓመታት በኋላ እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ፐልሳሮችን ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ ሆኗል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን «ፕላኔት ያላገኘ ተመራማሪ ዘመኑን በከንቱ አሳለፈ» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ሚሼል ማዮርና በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪው የነበረው ዲዲዬ ኬሎ በ1995 ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያዋን ፕላኔት ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ በ2019ም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ያቺ ፕላኔት ኮከቧን የምትዞረው በ4.2 ቀን ነው። ከነሱ ቀደም ብለው ግን ካናዳውያኑ ጎርደን ዎከርና ብሩስ ካምቤል ከሃዋይ ተራራ ላይ ሆነው 21 ከዋክብትን ለ12 ዓመታት ያህል ተከታትለዋል፤ የከዋክብቱን ብርሃን መርዛማ በሆነ የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋዝ ውስጥ በማሳለፍ ፍጥነታቸውን ከዚያ በፊት ባልነበረ ትክክለኛነት ለኩ። ይጠብቁ የነበረው እንደ ጁፒተር በዓመታት የምትዞር ፕላኔትን ሲሆን፣ በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድም እንዳላገኙ ገለጹ። ጋማ ሴፌይ በተባለው ኮከብ ላይ በ1988 አንድ ምልክት አይተው ነበር፤ ነገር ግን የኮከቡ የራሱ ባሕርይ ሊሆን ይችላል በሚል ጥርጣሬ በ1992 ግምታቸውን ተዉት። ካምቤልም ቋሚ የሥራ ቦታ ሳያገኝ ከሙያው ወጣ። በ2003 ሌሎች ተመራማሪዎች ተጨማሪ ልኬቶችን አክለው በጋማ ሴፌይ ዙሪያ በእርግጥ ፕላኔት እንዳለች አረጋገጡ፤ ማረጋገጫው ከተመሠረተባቸው ልኬቶች መካከል የዎከርና የካምቤል የቆዩ መዝገቦች ይገኙበታል፤ በጥናቱ ጸሐፊዎች ዝርዝር ውስጥም የሁለቱም ስም ሰፍሯል።