«ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ»፦ ከጠላ ጓዳ እስከ ኮድ እርማት

ይህ አባባል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ምክር ነው፤ ሌላው አሽሙር። ጎጃም ውስጥ የትኛው እንደደረሳችሁ የምታውቁት ከአነጋገሩ ነው። «ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ» ያላችሁ ሰው ይወዳችኋል። እንድታድጉ ይፈልጋል። «ትንሽ ቆሎ ይዞ ወደ አሻሮ ጠጋ» ከተባለ ግን ነገሩ ሐሜት ነው። የሚወራው ስለ እናንተ ነው፤ እናንተ ግን እዚያ የላችሁም።

አባባሉን ዛሬ ያነሳሁት ስለ ሶፍትዌር ለማውራት ነው። አትሳቁ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ አንድ ቀን ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ውስጥ መግባት ያምረዋል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም አይቶ ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል። «ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ የተለመደ ነው። «ሰነዱ ውስጥ የፊደል ስህተት ፈልግና አርም» ይሉታል። አንዳንዱ ይህን የሚለው ከልቡ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከንፈሩን እየነከሰ።

መጀመሪያ ጓዳ እንግባ። ቆሎን የማያውቅ የለም። አሻሮን ግን ጠላ ሲጠመቅ አይቶ ያላደገ የከተማ ልጅ ላያውቀው ይችላል። አሻሮ ለጠላ የሚቆላ እህል ነው። ብዙ ጊዜ ገብስ ነው። ከቆሎ ይልቅ ጠቆር እስኪል ይቆላል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ወደ ጠላው ይሄዳል። ትልቁ ልዩነት መጠኑ ላይ ነው። ቆሎ በእፍኝ ይያዛል። አሻሮ በቁና ተሰፍሮ ይመጣል። ቆሎ ለቡና ቁርስ ይበቃል፤ አሻሮ የሚቆላው ድግስ ሲኖር ነው።

እንግዲህ ድግስ ያለበትን ቤት አስቡት። እሳቱ ነዷል፤ ምጣዱ ተጥዷል። ሴቶቹ ላባቸውን እየጠረጉ ይቆላሉ። አንዲት ጎረቤት እፍኝ ቆሎዋን እየቆረጠመች ብቅ ትላለች። «እንዴት ዋላችሁ? በርቱ!» ትልና ጠጋ ትላለች። አፏ ቀድሞውንም እየቆረጠመ ስለሆነ ማንም ልብ አይላትም። ቆሎዋ ሲያልቅ እጇ ወዴት እንደሚሄድ ግን ግልጽ ነው። ሐሜቱ የሚወጣው ከዚህ ነው። ቆሎዋ ሽፋን ነበር።

ያንኑ ትዕይንት በሌላ ዓይን ማየት ይቻላል። ጎጃም ውስጥ ሥራ ያለበት ቤት ባዶ እጅን መሄድ ያሳፍራል። ሴትዮዋ ያላትን ይዛ መጣች። «ቅመሱ» ብላ ለሚቆሉት አካፈለች። ከእሳቱ ዳር ቁጭ ብላ የደከመችውን ተካች። ሲመሽ ከባለቤቶቹ እኩል ትሠራለች። ጠላው ሲደርስ ማንም «አንቺ ማን ነሽ?» አይላትም። ምክሩ ደግሞ ከዚህ ይወጣል።

በሁለቱም ታሪክ የቆሎው መጠን ያው ነው። የሚለየው ከተጠጋች በኋላ ያደረገችው ነው። የፊደል እርማትን ጉዳይ የማየውም በዚህ ነው።

ሰዎች አባባሉን ለንግድ ይጠቀሙበታል። ትንሽ ብር ይዞ ከትልቅ ነጋዴ ጋር የሚሻረክ ሰው ይባልበታል። ለጋብቻም ይነገራል፤ ያኛው ብዙ ጊዜ አሽሙሩ ነው። ለእኔ ግን ደስ የሚለኝ ለትምህርት ሲሆን ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሊማር የሚሄደው ልጅ ስሙ ራሱ የቆሎ ተማሪ ነው። በመጀመሪያ ቀን መወድስ አይዘርፍም። መወድስ 8 ቤት ነው። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ እሱ 2 ቤት ብቻ ነው። እሷንም ለመምህሩ ነግሮ ትታረምለታለች። ማንም «ሁለት ቤት ብቻ ይዘህ መጣህ?» ብሎ አይስቅበትም።

አሁን ወደ ኮዱ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከትእዛዞቹ ጎን ማብራሪያ ይጽፋል። ኮሜንት ይባላል። ኮምፒውተሩ ይዘለዋል፤ የሚያነበው ሰው ነው። ሰነድ ወይም ዶክመንቴሽን የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጫንና እንደሚሠራ የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ኮድ ውስጥ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይጮኻል። ኮሜንት ውስጥ ብትሳሳቱ ግን ዝም ነው። ስህተቱ አንባቢ እስኪያገኘው ለዓመታት ይቀመጣል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ሐሳቡ ከገባህ አይበቃም?» የሚል አለ። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ አንዲት ሰረዝ ጎድላው ከሆነ ጀማሪው እንዳለ ይገለብጠዋል። አይሠራለትም። «ሰነዱ ተሳስቷል» ብሎ አያስብም፤ «እኔ አልገባኝም» ብሎ ይተወዋል። የፍለጋ ነገርም አለ። ትልቅ ኮድ ውስጥ ሰው የሚንቀሳቀሰው ቃል እየፈለገ ነው። ቃሉ በስህተት የተጻፈበት ቦታ አይገኝለትም። ሊነክስ ከርነል፣ ማለትም ሊነክስ የተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት እምብርት፣ ይህን በደንብ ያውቃል። ለረጅም ዓመታት ጥቃቅን ማስተካከያዎችን ብቻ የሚሰበስብ የኢሜይል አድራሻ ነበረው። በጥቃቅንነት ተቀባይነት ካላቸው ውስጥ በሰነድ ላይ ያለ የፊደል ስህተትና ፍለጋን የሚያሰናክል የፊደል ስህተት ይገኙበት ነበር። ዛሬም ከርነሉ ውስጥ የተለመዱ ስህተቶች የተዘረዘሩበት ፋይል አለ። በእያንዳንዱ መስመር የተሳሳተው ቃል፣ ሁለት ቋሚ መስመሮች፣ ከዚያ ትክክለኛው ይከተላል። ቼክፓች የሚባለው መፈተሻ አዲስ ኮድ ሲቀርብለት ከዚህ ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል።

ቶሎ ያልታረመ ፊደል ምን እንደሚሆን ለማየት ከሪፈረር የተሻለ ምሳሌ የለም። ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላ ስትሻገሩ ብራውዘራችሁ ከየት እንደመጣችሁ ለአዲሱ ገጽ ይናገራል። ይህን የሚናገርበት መስክ ሪፈረር ይባላል። ስሙ ሲወጣ ግን በእንግሊዝኛው አንዲት «አር» ተገደፈች። ስህተቱ ሳይታረም ፕሮግራሞች ተጠቀሙበት። ኤችቲቲፒ ብራውዘር ገጹን ከሚልክለት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋር የሚነጋገርበት ደንብ ነው፤ በፈረንጆቹ 1996 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድም ቃሉን እንደተሳሳተ መዘገበው። ከዚያ በኋላ ማን ይንካው? ብትነኩት የድሮ ሰርቨርና ብራውዘር መግባባት ያቆማሉ። ዛሬም በየሰከንዱ ስንት ሚሊዮን ጊዜ በስህተቱ ይላካል። የሚያስቀው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣው ተዛማጅ መስክ፣ ሪፈረር ፖሊሲ፣ በትክክለኛው አጻጻፍ መውጣቱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ አንካሳ፣ አንዱ ሙሉ።

ስለዚህ የፊደል እርማት ሥራ ነው። ጀማሪ ከዚህ ቢጀምርም አያስነውርም። እንዲያውም የሚማረው ከእርማቱ ይበልጣል። ብዙ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ፣ በጊትሀብ፣ ሰነዱ አጠገብ ያለችውን እርሳስ ሲጫን የፕሮጀክቱ ቅጂ በስሙ ይወጣለታል። ያስተካክላል፤ ምን እንዳስተካከለ በአጭሩ ይጽፋል፤ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ማሻሻያዬን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ይልካል። ከዚያ ይጠብቃል። የማያውቀው ሰው ከሌላ አገር ሥራውን ያያል፤ አስተያየት ይሰጣል። ምናልባት «ይህን አስተካክል» ብሎ ይመልስበታል። ጀማሪውን የሚያስፈራው ኮዱ ብቻ አይደለም፤ ይህ ደጅ ጥናትም ያስፈራዋል። አንድ ጊዜ ካለፈበት ግን ሁለተኛው ይቀለዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሐሜቱ። ሀክቶበርፌስት የሚባል ነገር አለ። ዲጂታል ኦሽን የተባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 2014 የጀመረው ሲሆን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሰዎች ለኦፕን ሶርስ እንዲያዋጡ ያበረታታል። በ2020 የተወሰኑ ፑል ሪኩዌስቶችን የላከ ሰው ቲሸርት ይሸለም ነበር። 4 ብቻ ይበቃ ነበር። ምን ሆነ? ሰዉ ጎረፈ። የሰው ፕሮጀክት መግለጫ ላይ «ግሩም ፕሮጀክት» የምትል ቃል ጨምሮ የሚልክ በዛ። ነጠላ ሰረዝ አንስቶ፣ መልሶ የሚያስቀምጥ ነበር። የፕሮጀክት ባለቤቶች በቁጣ ነደዱ። ወሩ ገና ሳይጋመስ ሕጉ ተቀየረ። ፕሮጀክቱ ራሱ ፈቅዶ ካልተመዘገበ እዚያ የተላከ ነገር አይቆጠርም ተባለ። በ2023 ቲሸርቱም ቀረ። ይህ ነው እንግዲህ «ጠጋ» የተባለበት ቆሎ።

ለምን ተቆጡ? እያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት የሚያየው ሰው ይፈልጋል። መልእክት ይደርሰዋል፤ ከፍቶ ያነባል፤ አውቶማቲክ ፈተናው ይሮጣል፤ መልስ ይጽፋል። ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት ያለ ደመወዝ፣ ማታ ከሥራ በኋላ ነው። እናንተ በአንድ ደቂቃ የላካችሁት እሱን አሥር ደቂቃ ከፈጀው አግዛችሁታል ማለት ይከብዳል። ምጣዱ ላይ ያለችውን ሴት አስነስቶ «ቆሎዬን እይልኝ» እንደማለት ነው።

እውነተኛው ጎረቤት እንዲህ አያደርግም። ሰነዱን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ያገኘውን ስህተት ሁሉ በአንድ ላይ አርሞ ይልካል። አሥር ቃል በአሥር ጥያቄ አይልክም። የአሜሪካና የእንግሊዝ አጻጻፍ ሲለያይ «ተሳስቷል» ብሎ አይነካም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የገባ ፋይል ካገኘ እርማቱን የሚልከው ወደ መነሻው ነው። እዚህ ቢያርመው በሚቀጥለው ቅጂ ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል። ኮዱ ውስጥ ፕሮግራሙ ራሱ የሚጠቀምበት ስም (የተለዋዋጭ ወይም የፈንክሽን ስም) ተሳስቶ ካየ ደግሞ ሳይጠይቅ አይቀይርም። የሪፈረርን ነገር ያስታውሳል። አንድ የማደንቀው ዓይነት ሰውም አለ። ትእዛዞቹን እየሞከረ ያነባል። ያኔ የሚያገኘው ስህተት ከፊደል ያልፋል፤ «ይህ እርምጃ ከአዲሱ ቅጂ ጋር አይሠራም» ይላል። ይህን የሚል ጀማሪ አሻሮውን መቁላት ጀምሯል።

በአማርኛ ስንመጣ ሥራው ሞልቷል። ሶፍትዌር ወደ አማርኛ ሲተረጎም፣ ሰነድ ሲጻፍ፣ የሚገጥመው የመጀመሪያ ስህተት አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይጽፍና «፡፡» ያደርገዋል። ለዓይን ከ«።» ጋር ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን አንደኛው ሁለት ምልክት፣ ሌላው አንድ ነው። ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ የሚለይ ፕሮግራም እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲሰጡት ገጹን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል። ይህን ማረም ጭቅጭቅ የለበትም። ለጀማሪ የተመቸ ነው።

ጭቅጭቁ የሚመጣው በሞክሼ ፊደላት ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደንብ፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣው ሦስተኛው ቅጂው ላይ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ ለሰ እና ለሠ፣ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷል። ስለዚህ «ሰነድ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሠነድ» የተባለውን አያገኝም። የቱ ነው ስህተቱ? ቅኔ ቤት የቆየ ሰው «በግዕዝ ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ፣ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ ነው፤ እንዴት ትቀላቅላለህ?» ይላችኋል። ልክ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ በስልኩ ኮድ የሚጽፈው ልጅ ደግሞ «በአማርኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለፍለጋ እንዲመች አንዱን እንምረጥ» ይላል። እሱም ምክንያት አለው። እዚህ ላይ የመጀመሪያ እርማታችሁን ከመላካችሁ በፊት ፕሮጀክቱን ለሚመሩት ሰዎች ጥያቄ ጻፉ። የትኛውን አጻጻፍ እንደሚከተሉ የሚናገር ገጽ ካላቸው አንብቡት። ከሌላቸው ያንን ገጽ ልትጽፉላቸው እንደምትችሉ ንገሯቸው።