ሃክማናይት ምንድን ነው?

በቀን ካያችሁት ዝም ብሎ ድንጋይ ነው። ነጣ ያለ ወይም ግራጫ። ማታ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታበሩበት ግን ፍም የመሰለ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ባትሪውን ስታጠፉት ነጭ የነበረው ድንጋይ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል!

ሃክማናይት ሶዳላይት የሚባለው ማዕድን ድኝ ያለበት ዓይነት ነው። በ1901 ስሙን ያገኘው ከፊንላንዳዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ከቪክቶር ሃክማን ነው። ሶዳላይት በብዙ ዓለቶች ውስጥ የሚገኘው ማዕድን የፌልድስፓር ዘመድ ነው፤ የሚፈጠረው ግን የቀለጠው ዓለት ፌልድስፓር ለመሥራት የሚበቃ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ሲያጥረው ነው። ይህ ለፈላጊ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኳርትዝ ትርፍ ሲሊካ ስለሆነ፣ ኳርትዝ በሞላበት ግራናይት ውስጥ ሶዳላይት መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። ኔፈሊን ሳየናይት የሚባለውን ዓለት ፈልጉ። የሩሲያው ኮላ፣ ደቡብ ግሪንላንድ፣ በካናዳ ኩቤክና ኦንታሪዮ የታወቁት በዚህ ነው። በአፍጋኒስታኗ ባዳክሻን ግን በእብነ በረድ ውስጥም ይገኛል።

ብርሃኑም ሆነ ቀለሙ የሚመጣው ከድኙ ነው። ብርቱካናማው የሚወጣው ጥንድ ጥንድ ከሆኑ የድኝ አቶሞች ነው። ቀለሙ ሲቀየር ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ከድኙ ኤሌክትሮን ነጥቆ ክሎሪን በጎደለበት ባዶ ቦታ ያስቀምጠዋል። እዚያ የተያዘው ኤሌክትሮን አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጥ ድንጋዩ ሐምራዊ ይመስለናል። ተራ ነጭ ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሮኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቀለሙም ይጠፋል። ይህን ደጋግማችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

ለፍለጋ 365 ናኖሜትር የሆነና ማጣሪያ ያለው ባትሪ ይሻላል። የ395ቱ የራሱ ወይን ጠጅ ብርሃን ስለሚበዛ ደካማውን ፍካት ይሸፍንባችኋል። ዓይናችሁን አልትራቫዮሌት በሚከላከል መነጽር ጠብቁ፤ በተለይ በአጭር ሞገድ መብራት (254 ናኖሜትር አካባቢ በሆነው) ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

ብርቱካናማ ያበራ ሁሉ ግን ሃክማናይት አይደለም። ድንጋይ ላይ የሚበቅል ሽበት እንኳ ብርቱካናማ ሊያበራ ይችላል። ካልሳይት የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ። ካልሳይት አቼቶ ጠብ ሲልበት አረፋ ያወጣል፣ በቢላ ጫፍም በቀላሉ ይጫራል። ሃክማናይት በአቼቶ አረፋ አያወጣም፤ ጥንካሬውም በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6 ስለሆነ ቢላውን ይቋቋማል። ከተጠራጠራችሁ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ሸፍናችሁ በአጭር ሞገድ መብራት ጥቂት ደቂቃ አብሩበት። ወረቀቱን ስታነሱ ሁለቱ ግማሾች ቀለማቸው ከተለያየ አገኛችሁት ማለት ነው።

የግሪንላንዱ ሃክማናይት ነገሩን ይገለብጠዋል። ዓለቱ ገና ሲሰበር ውስጡ ሐምራዊ ነው፤ የቀን ብርሃን ሲያገኘው ዓይናችሁ እያየ ይነጣል። ጨለማ ውስጥ ብዙ ከቆየ ሐምራዊው ቀስ ብሎ ይመለሳል።