ፋይል ሲስተም ምንድን ነው?

ፍላሹ አንዱ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይከፈታል፤ ሌላው ላይ ሲሰካ ግን “ፎርማት ይደረግ?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፍላሹ ተበላሸ ብሎ ከመደምደም በፊት ፋይል ሲስተሙን መጠርጠር ይሻላል።

ዲስክ በራሱ የሚያውቀው ቁጥር የተሰጣቸውን ትናንሽ ክፍሎች ብቻ ነው። የትኛው ፋይል የትኞቹ ክፍሎች ላይ እንዳረፈ፣ ስሙን፣ የተቀየረበትን ጊዜና ማን ሊከፍተው እንደሚችል የሚመዘግበው ፋይል ሲስተም ነው። ይህን የአመዘጋገብ ሥርዓት የማያውቅ ኮምፒውተር ዲስኩ ላይ ያለውን ሊያነብ አይችልም።

ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን ኤንቲኤፍኤስ፣ ማክ ከ2017 ወዲህ ኤፒኤፍኤስ፣ ብዙዎቹ ሊኑክሶች ኤክስት4 ይጠቀማሉ። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር አይጽፍበትም፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ አዲስ ነገር ለመገልበጥ ሲሞከር ግን እንቢ ይላል። ዊንዶውስ ደግሞ የማኩን ኤፒኤፍኤስ ጨርሶ አያውቀውም። የፎርማት ጥያቄው የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ “እሺ” ከተባለ ደህና የነበረው መዝገብ ይጠፋል። ጥያቄውን “አይ” ብለው ፍላሹን ወደ መጀመሪያው ኮምፒውተር ይመልሱት።

ሊኑክስ በኤንቲኤፍኤስ ላይ ያነባልም ይጽፋልም። ችግር የሚፈጠረው ሊኑክስና ዊንዶውስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑና ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው “ፋስት ስታርትአፕ” ሲበራ ነው። ዊንዶውስ ያኔ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ አንዳንዴም አይከፍተውም። መፍትሔው ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ወይም ከመዝጋት ይልቅ ሪስታርት ማድረግ ነው።

በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ለሚሰካ ፍላሽ የሚመረጠው ፋይል ሲስተም ኤክስፋት ነው። ፋት32 ሁሉም ጋ ቢከፈትም ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ “ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው” ይላል። ኤክስፋት ይህ ችግር የለበትም፤ ድክመቱ ጆርናል፣ ማለትም ያልተጠናቀቁ ለውጦችን የሚከታተል መዝገብ፣ የሌለው መሆኑ ነው። እየጻፈ ሳለ ከተነቀለ ፋይሎች ሊጎዱ ይችላሉ፤ “ኢጀክት” (ከመንቀል በፊት ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንዲለቅ የሚያደርገው ትዕዛዝ) ሳይደረግ አይነቀል። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፋይሎቹ አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልበጡ።

የፋይል ስምም ያጣላል። ሊኑክስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ ይይዛል፤ ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አሠራራቸው እንደ አንድ ስለሚቆጥሩት ሲገለበጡ አንዱ ሌላውን ሊተካ ይችላል። ዊንዶውስ በስም ውስጥ : ? * | የመሳሰሉትን አይቀበልም፤ “10:30” የሚል ሰዓት ያለበት ስም እዚህ ይሰናከላል። የእኛ ሁለት ነጥብ ፡ ግን ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ስለሆነ ያልፋል።

የዲስክን ፋይል ሲስተም ለማወቅ በዊንዶውስ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው “ፕሮፐርቲስ” ይክፈቱ፤ በማክ “ዲስክ ዩቲሊቲ” ውስጥ ዲስኩን ሲመርጡ ይታያል።